ሐሙስ ሐሙስ ስለሚመጣው ታላቅ ወንድም

ለተከበሩ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ጤና ከቤትዎ፣ ጠመኔ ከቢሮዎ አይጥፋ እያልኩ፣ አስቀድሜ አንድ ከባድ መርዶ ላረዳዎ እገደዳለሁ። በቤታችን የቀረው የመጨረሻው ላጲስ ባለፈው ሐሙስ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል። ሟቹ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጄ ንብረት ሲሆን፣ ተፍቆ ያለቀውም አንዲቱን አንቀጽ ደጋግሞ ሲያጠፋ ነው። ማጥፋቱን ያስተማራችኋት እናንተ ስለሆናችሁ፣ ለቅሶውንም አብረን ብንቀመጥ ተገቢ መስሎኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ትምህርት ቤታችን የልጆችን የመጻፍ ችሎታ ለማዳበር በየሳምንቱ ሐሙስ የድርሰት የቤት ሥራ ይሰጣል። ተማሪው «ታላቅ ወንድሜ» የተባለውን ናሙና ከሰሌዳ ይገለብጣል፣ ቤቱ ሄዶ እንደገና ይጽፈዋል፣ ለወላጆቹ ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ወላጅ ይፈርማል። ከናሙናው የወጣ ዜሮ ያገኛል። አንድ መምህርት የዚያን ሁሉ ልጅ ደብተር ሲያርሙ የዚያን ያህል ዓይነት ሐሳብ ቢመጣባቸው ምን ይውጣቸዋል? ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬ ግን ሦስት ብቻ ነው።

፩. ጎረቤታችን ያላት አንድ ልጅ ነው። ልጇ «ታላቅ ወንድሜ ረጅም ነው» ብሎ ሲያነብ ሰምታ ወደ ባሏ ዞረችና «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ረጅሙን ደግሞ ከማን ወለድከው?» አለችው። የሰውዬው ቁመት ብቻውን ነጻ ሊያወጣው ሲገባ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሶፋ ላይ ያድራል።

፪. የእኔ ልጅ ታላቅ ወንድም ነበራት። ያለፈው ክረምት ሆስፒታል ገባ፤ በእግሩ አልወጣም። እርስዎም ለቅሶ መጥተው «ምንም ነገር ቢያስፈልጋችሁ ንገሩኝ» ማለትዎን አልረሳሁም፤ ይኸው እየነገርኩዎት ነው። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት የጻፈችው ይህን ነበር፦ «ወንድሜ ሆስፒታል ሲገባ ጫማዬን አስቀምጪልኝ አለኝ። ያኔ ለእኔ በጣም ሰፊ ነበር። አሁን ልክ ሊሆነኝ ነው። እግሬ ባያድግ ደስ ይለኝ ነበር።» መምህርቷ በቀይ ብዕር «ከናሙናው ውጭ ነው፤ ጠፍቶ ይጻፍ። እጅ ጽሑፍ ጥሩ» ብለው አበረታተዋታል። ስለ እጅ ጽሑፏ ከልብ እናመሰግናለን። አሁን ማንም ሳያዛት መጀመሪያ የራሷን ትጽፋለች፣ ራሷ ታጠፋዋለች፣ ከዚያ በሳሳው ወረቀት ላይ የእናንተን ትገለብጣለች።

፫. ከዚያም ተነሥታ ታነባለች፦ «ታላቅ ወንድሜ ሲመሽ በሩን ከፍቶ ይገባል። እጁን ታጥቦ ከእኛ ጋር እራት ይበላል።» ባለቤቴ በፊት በፊት ጥላት ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። አሁን ግን «እስቲ ድገሚልኝ፣ የኔ እናት» ትላታለች። አንድ ትርፍ ሳህን ታወጣለች። በሩንም ሳትቀረቅር ትተወዋለች። ነፋስ ሲገፋው ሦስታችንም ቀና እንላለን፤ «ነፋስ ነው» ለማለት የሚደፍር ግን የለም። ልምምድ ያዳብራል ያላችሁት እውነት ነው፤ ሐሙስ ብቻ ይመጣ የነበረው ልጅ ሰሞኑን ማክሰኞም መምጣት ጀምሯል። ልጄ ስለ እውነተኛው ወንድሟ ስንጠይቃት ግን ናሙናውን ታነበንባለች። የሚሥቅበትን ድምፅ እንኳ ረሳሁት ትላለች።

ስለዚህ የምለምንዎ በሳምንት አንዲት የራሷን አንቀጽ እንድትጽፍ ነው። ዜሮውን ይስጧት፤ መርቀን እንቀበላለን። ብቻ አይጥፋ። እኔ እንደሆነ ሌላ ላጲስ አልገዛም።

የናሙናዎ ትጉህ አድማጭ፣ ፊርማውን አንድም ሳምንት ያላጓደለ፣ በክብርዎ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ የሚቆም፣

የሰፈርዎ ፀጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሊቆረጡ ሲመጡ እንደ ወትሮው «ለእኔ የሚሆነውን አንተ ታውቃለህ» አይበሉኝ። ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱን እለጥፍብዎታለሁ፤ የራስዎ ቅርጽ ከናሙናው ውጭ ከሆነ ጥፋቱ የራስዎ ነው።

እርማት፦ በተራ ቁጥር ሦስት በሩን ሳትቀረቅር የምትተወው ባለቤቴ እንደሆነች ተገልጿል። ባለፈው ሐሙስ እሷ ቀርቅራው ነበር። ተነሥቶ የከፈተው የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ መሆኑ ታውቆ ይስተካከል።