ያልሞትሽበት ማለዳ

ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮሆቦት፣

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና ጠይቆ ነው። እኔ ግን ያንቺን ጤና ከሰው አፍ መስማት መሮኛልና ራስ ምታትሽ እንዴት እንደሆነ፣ እህል ይቀመስልሽ እንደሆነ፣ ብርሃን ማየት ጀምረሽ እንደሆነ አንቺው ንገሪኝ። ሐኪሙ ለጊዜው ስልክ እንዳትነኪ ስላለሽ ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ። ማንበቡም የሚያምሽ ከሆነ አጠገብሽ ያለችው ጓደኛሽ ሐዳሳ ታንብብልሽ። ሐዳሳዬ፣ የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ መጋረጃውንም አትክፈቺው።

ደግሞም በስልክ የማይነገር ነገር አለኝ። እኔ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር አባትሽ ከሳሎን የሚፈልገው ዕቃ አያጣም። መነጽሩን ፍለጋ ይመጣል፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። እሱ እየሰማ ስለ እሱ እንዴት አድርጌ አወራለሁ?

እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ያ ሰኞ ማለዳ የሆነውን ሐዳሳ ነግራሻለች፤ ነገር ግን እሷ የምታውቀው በስልኩ የሰማችውን ብቻ ነው። በእኛ ደጅ የሆነውን እኔ ልንገርሽ።

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ነው። አንዱ የታዋቂ ሰዎች ወሬ የሚለቅ ገጽ ፎቶሽን ከሻማ ጋር አድርጎ፣ ተወዳጇ ተዋናይት በድንገተኛ የራስ ሕመም አረፈች ብሎ ጻፈ። እሱን ሌላው ተቀበለው፣ ያኛውን ደግሞ ሌላው። ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ አሉ። አንዱ በጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ ይላል፤ አንዱ የወሰደችው ክኒን ነው የገደላት ይላል። አንዱማ ድራማው ላይ አማቷን ስላሰቃየች የሰው እርግማን ነው ብሎ ጽፏል። ሰፈሩ ሁሉ ሲያነብ ዋለ። እኔ ግን ስልኬን ታውቂያታለሽ፤ ያችው ባለ ቁልፏ ናት፣ ከመደወል ሌላ ሙያ የላትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ነገሩ ግራ ያጋባኝ ገበያ ላይ ነው። ያቺ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ፣ ድራማው ከጀመረ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር “ያቺ አማቷን የምታስለቅስ ልጅሽ ምን አለች?” እያለች ሽንኩርት የምታስወድድብኝ፣ እሑድ ለት ቲማቲሙን በላይ በላዩ ጨምራ ጨምራ ሰጠችኝና ፊቷን አዞረች። እኔ ሞኟ በድራማው ላይ ከአማትሽ የታረቅሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ወደ ማታም ወርቅነሽ ከጎረቤት ብቅ ብላ በልተሻል ወይ አለችኝና፣ በልቻለሁ ስላት ደህና እደሪ ብላ ሄደች። ለካ መርዶ በማታ አይነገርም ብለው ሰውነቴን እያሳረፉኝ ነበር።

ወደ ማለዳው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስሽ፤ አንቺም አልረሳሽውም። ከመዘምራኑ ወጥተሽ ትወና የገባሽ ጊዜ አባትሽ “ስሟ በዚህ ቤት አይጠራ” ብሎ ነበር። ያን ቃል ከሁላችን አጥብቆ የያዘው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስምሽ ለእሱ “ልጅሽ” ነው። ልጅሽ ደወለች? ልጅሽ ምን አለች? ልጅሽ ከስታለች። ድራማውን አላይም የሚል ሰው መክሳትሽን ከየት እንዳወቀ ጠይቄው አላውቅም። አንቺም በበኩልሽ እሱ በአፉ ስሜን ጠርቶ ነይ ካላለኝ ያን ደጅ አልረግጥም አልሽኝ። እኔ በሁለት ግትሮች መካከል ሆኜ ስንቱን በዓል እንዳሳለፍኩ ጌታ ያውቃል። የሁለታችሁን መታረቅ ሳላይ አልሞትም ብዬ ነው እስከ ዛሬም የቆየሁት።

እና ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። አባትሽ የማለዳ ጸሎቱን አልጨረሰም። ስከፍት የእድራችን ዳኛ አቶ ሙህዲን ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ ወርቅነሽና ሴቶቹ። ወርቅነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ልጄ፣ ሰው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት፣ እንዲያ ለብሶ ደህና አደራችሁ ለማለት አይመጣም። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አንድ ባጃጅ የድንኳን ብረት ጭኖ ቆሟል። የበሩን እጀታ ይዤ ቀረሁ።

አባትሽ መጽሐፉን እንደያዘ ከጓዳ ወጣ። አቶ ሙህዲን እስቲ ይቀመጡ አሉት። ቆሜ እሰማለሁ አለ። እሳቸውም ሁላችን የአላህ ነን፣ ሰጪም ነሺም እሱ ነው ብለው ጀመሩና “ልጃችን ሮሆቦት…” ሲሉ አንገታቸውን ደፉ።

ይሄኔ አባትሽ ጮኸ።

“ሮሆቦት! ሮሆቦቴ!”

ያን ድምፅ ከእሱ ሰምቼው አላውቅም፤ እናቱ የሞቱ ለት እንኳ ከንፈሩን ነክሶ ነበር የዋለው። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ስምሽን ይደጋግመዋል፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ይዘውታል፣ ሴቶቹ እሪ አሉ። እኔን ግን እንባ እምቢ አለኝ። እንደዚያ ከመደንገጤ የተነሳ ልቅሶው የሌላ ሰው ቤት የሚለቀስ ነበር የሚመስለኝ። ማን አየ አልኩ። ሬሳዋን ማን አየው? ወርቅነሽ ስልኳን አወጣችና ፎቶሽን ከነሻማው አሳየችኝ። “በራስ ምታት ነው የሚለው፣ እትዬ። ስልኳም ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው” አለችኝ።

ራስ ምታት ስትለኝና ዝግ ነው ስትለኝ ልቤ ተመለሰ። ያንቺን ራስ ምታት እኔ አላውቀውም? ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ሲነሳብሽ ሁሉን ነገር ትዘጊ ነበር፤ ዓይንሽንም፣ በሩንም፣ አፍሽንም። ዶሮዋ እንኳ ዝም ትበል ብለሽ ታለቅሺ ነበር። ስለዚህ ሐዳሳ ዘንድ ደወልኩ። በእንቅልፍ ድምፅ ምነው እትዬ በዚህ ማለዳ አለችኝ፤ ደህና ሰው የሚናገረው ንግግር ነበር። ቅዳሜ ቀረጻ ላይ መብራቱ አናትሽን እንደመታሽ፣ ክኒኑን እንደ ከረሜላ እየደጋገምሽ እንደዋጥሽ፣ ሐኪም ጋ ስትወስድሽም ማስታገሻ ሲበዛ እሱ ራሱ ራስ ያሳምማል ብሎ እንደተቆጣሽ፣ አሁን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝተሽ እንደሆነ ነገረችኝ። ድምፅዋን ካልሰማሁ አላምንም አልኳት። ስልኩን ጆሮሽ ሥር አደረገችልኝ። አቶ ሙህዲን ድምፁን ከፍ አድርጊው ብለው በእጃቸው ጠቆሙኝ። ግቢ ሙሉ ሰው ወደ ስልኩ ተጠጋ።

“እማዬ” አልሽ፣ “መብራቱን አጥፊልኝ።”

አንቺ ይህን ማለትሽን አታስታውሺውም አሉ። እኛ ጋ ግን ያልሰማው የለም። አቶ ሙህዲን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አብሰው አልሃምዱሊላህ አሉ። ቆሜ እሰማለሁ ያለው አባትሽ መሬት ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ሄጄ ሰማህ ወይ አልኩት። “ብርሃን ነው የሚያማት” አለኝ፤ እኔ የማላውቅ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳቅ ነው። ወርቅነሽ ሌሊቱን ንፍሮ ቀቅላ አድራ ኖሮ፣ የሞተ የለም ተብሎ ይደፋል? ቁጭ ብለን ለቁርስ በላነው። አቶ ሙህዲን እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። እድራችን ሳያጣራ ድንኳን አያስወጣም ነበር፣ ይህ ስልክ ነው ሽማግሌነታችንን ያሳነሰው ሲሉ ዋሉ። ባጃጁም ብረቱን እንደጫነ ተመለሰ። ያ ገጽ ደግሞ ማታውኑ ተዋናይቷ ከሞት አፋፍ ተመለሰች ብሎ ሌላ ፎቶ ለጠፈ አሉ። ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም።

አሁን ደግሞ የመድኃኒቱ ነገር ነው ያስቸገረኝ። ሰፈሩ ሐኪም ሆኗል። አንዷ ሎሚ ቆርጣ ግንባሯ ላይ ትሰር ትላለች፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ አንዱ በቲክቶክ ያየውን ዘይት ይዞ መጣ። ያቺ አትክልት ሻጭ ደግሞ ከቡሹሎ ዳማከሴ አስመጥታ በፌስታል ሰጠችኝ፤ አማትሽንም በድራማው እንድትተዪአት አደራ ብላለች። ዳማከሴውን ልኬልሻለሁ፤ ለመዓዛው ነው፣ አሽትተሽ ትተኚበታለሽ። ሌላውን ሁሉ እሺ እያልኩ አስቀምጫለሁ። አንቺ ሐኪሙ ያለሽን ስሚ፤ ክኒኑን ከሚፈቅደው አታሳልፊ፣ በባዶ ሆድ አትቆዪ፣ ቀረጻውም ይጠብቅሽ።

ወደ አባትሽ ልመለስ። ከዚያ ማለዳ በኋላ ስምሽን እየጠራ ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። በነጋታው ቁርስ ላይ “ልጅሽ ተሻላት?” አለኝ። ሮሆቦት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሞተች ሲሉህ የጠራኸው ስም አለች ሲሉህ ከአፍህ ጠፋ ወይ አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ሆድ ይፍጀው ነው የእሱ ነገር። ለእኔም ለጌታም የማይነግረውን ከየት አውጥቼ ልጻፍልሽ?

ግን አንድ ነገር አየሁና እሱን ልንገርሽ ነው ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ። ትናንት ከሴቶች ጸሎት ስመለስ ከቤት የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ተከትዬው ብሄድ ያንቺ ክፍል ነው። እህል ያስቀመጥንበትን ጆንያ ሁሉ ወደ ጓዳ አውጥቶታል። አልጋሽ ተነጥፏል። እሱ ወንበር ላይ ቆሞ በዚያ በሚያመው ወገቡ ተንጠራርቶ ጋቢውን መስኮቱ ላይ በምስማር ይመታል። ልጅ ሆነሽ ሲያምሽ እንደሚያደርገው። ታስታውሺ እንደሆን፣ መስኮቱን በጋቢው ይጋርድና አጠገብሽ ተቀምጦ በአውራ ጣቱ ግንባርሽን ይይዝልሽ ነበር፤ እንቅልፍ እስኪወስድሽ እጁን አያነሳም፣ እኔን እንኳ በእግር ጣትሽ ግቢ ይለኝ ነበር።

ምን ልትለብስ ነው፣ ኅዳር እኮ ነው አልኩት። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

“መጋረጃው ስስ ነው፤ ብርሃን ያስገባል” አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ገብቼ በሩን ዘግቼ ቆምኩ፤ ጭልም ያለ ነው። አንዲት ቀዳዳ አልተወም።

እሱ በአፉ ነይ ብሎሻል ብዬ አልዋሽሽም፤ አላለም። ስምሽንም ከዚያ ማለዳ ወዲህ አልጠራም። አንቺ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ያ ጨለማ የተሠራው ለማን እንደሆነ ታውቂዋለሽና።

ጌታ በእጁ ግንባርሽን ይዳስስልኝ። እንቅልፍሽን የሰላም፣ ቀንሽን የጥላ ያድርግልሽ። ስለ አንቺ የሚወራው ሁሉ ውሸት ሆኖ ይቅር፤ እኔ በዓይኔ የማየው ብቻ እውነት ይሁን። ሐዳሳንም ስለ እኔ ሳሚልኝ፤ ያን ማለዳ ስልክ ስላነሳች ዕድሜዋ ይርዘም።

እናትሽ አለምነሽ

አባትሽ ሌላ ጋቢ የለውም። ትናንት ሌሊቱን በነጠላ ነው ያደረው፤ ብርዱ ሳይጠና ነይ።