እናቱን ከእኔ ሲከላከል

ሰርፄ፣ እንዴት ከረምክ? ፖስት ካርዱ ጠባብ ነው፣ እኔም ቁጭ ማለት አቅቶኛል። የእህቴ የዓለምወርቅ ልጅ ጢሞቴዎስ እዚህ ቬጋስ አንድ የአሜሪካን ፉትቦል (ያ በእጅ የሚጫወቱት) ክለብ ለመግባት ሙከራ ላይ ነው። ኳስ ይዞ ሲሮጥ የሚደርስበት የለም፤ ኳስ ወርዋሪያቸውን ሊጥለው ከሚመጣበት ሰው መከላከል ግን አልሆነለትም። "ይህን ካልቻልክ ትቀነሳለህ" ብለውታል። እኛ ሐዋሳ ሜዳ ላይ የምናጨበጭበው ኳስ ለያዘው ብቻ ነበር!

ትናንት አፓርታማው ፓርኪንግ ላይ ወርደን አለማመድነው። ዓለምወርቅ ኳሱን ይዛ ቆመች፤ እኔና እህቱ ሐሴት እሷን ለመንካት እንሮጣለን። ጢሞቴዎስ ወፍራሙን እኔን ሲይዝ ሐሴት በመሃል ሾልካ እናቷን ነካቻት። ደገምነው፣ ያው ሆነ።

"አጎትህን ተወው!" ብላ ጮኸችበት ዓለምወርቅ። "ለእኔ የቀረበውን ያዝ! ኳሱን እስክወረውር ትንሽ ጊዜ ስጠኝ፣ ሌላ አልፈልግም።"

ቀጥሎ ሐሴትን ገጥሞ አቆማት። እኔ ዞሬ ስደርስ ኳሱ ከእናቱ እጅ ወጥቷል።

ዛሬ ጠዋት ተፈትኖ መጣ። "አንዱ አምልጦኛል፣ ሌሎቹን ይዣለሁ" አለን። ይኸው እስኪደውሉለት እሱ ሳሎኑን ይዞራል፣ እኔ ቆሜ እጽፍልሃለሁ።

ተደወለ! "ኦኬ፣ ኦኬ" ብቻ ይላል። ሰርፄ፣ ሰኞ ልምምድ ና ብለውታል! ዓለምወርቅ "ጌታ ሆይ ተመስገን" እያለች ታለቅሳለች። ልጁ ግን ጫማውን አጥልቆ "አጎቴ ና፣ እንውረድ" ይለኛል። ጉልበቴ አብጧል፤ ቢሆንም ልወርድ ነው። ባለቤትህን ስጦታንና ልጆቹን ሳምልኝ።

አዱኛ