የአባቴ ስም ያለበት ግንብ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የሴትየዋ እጅ እስከ አምባሯ ድረስ ገባ።

ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ በዚህ ወር ያገኘኋቸው የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች። አስጎብኚ ነኝ ብል ማን ያምነኛል፤ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ስልክ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። የፋሲልን ግቢ ስላዩ "ሰው የማያውቀውን አሳዪን" አሉኝ። በአይከል መንገድ በባጃጅ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ዳገት በእግር፣ ወደ አሮጌው ምሽግ ወሰድኳቸው። ዙሪያውን በድንጋይ የታጠረ የድሮ ከተማ ነው። አብዛኛው ፈርሷል፤ መሃሉ ላይ ያለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው ሰው የማይለየው።

ሴትየዋ በደቡብ በኩል ባለው ግንብ ስንጥቅ ውስጥ እጇን ከታ "ውስጡ እንዴት ይቀዘቅዛል!" እያለች ፎቶ ተነሳች። እኔ ሳቄ ጠፋ። አምና እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ጣቴ አይገባም ነበር።

ከስንጥቁ አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በምስማር የተጻፈ አለ። "ታከለ ጠገነው" ይላል። ታከለ አባቴ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ለአባዬ እንዴት ብዬ ልንገረው? ዕድሜውን በሙሉ ግንበኛ ነበር፤ አሁን ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ቤት ውሏል። ያንን ግንብ የጠገነው ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ ለሚካኤል ተስሎ፣ በነጻ። ከዚያ በፊት ወደ ግንቡ የሚጠጋ አልነበረም፤ ሁሉም እንዳዘመመ ያውቃል። እሱ ከጠገነው በኋላ ግን ሰው ተማመነበት። ጥላው ሸጋ ነውና።

የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፦ ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው። ታቦቱ ዞሮ እዚያ ጥላ ሥር ይቆማል። እናቶች ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ከነሕፃናቱ። እማሆይ ደግሞ በዓል አይጠብቁም፤ እኒያ አሮጊት መነኩሴ በየቀኑ አጎዛቸውን አንጥፈው እዚያው ተደግፈው ነው የሚውሉት።

በምሳ ሰዓት ነገርኩት። "የእኔ ግንብ? ያየሽው የአሮጌውን ግንብ ስንጥቅ ይሆናል" አለና እንጀራውን ጠቀለለ። ደግሞ ቀና ብሎ፣ "ምነው ልጄ፣ በስተርጅና ስሜን በክፉ ልታስነሺው ነው?"

ወጥ ጨመርኩለት። ፈሪ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ብቻዬን ወጣሁ። በዱቄት ሙጫ ሦስት ቁራጭ ወረቀት በስንጥቁ ላይ አጋድሜ ለጠፍኩ። ይሄን ያስተማረኝ ራሱ አባዬ ነው። ልጅ ሆኜ የቤታችን ግድግዳ ሲሰነጠቅ እንዲህ አድርጎ "ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይቀደዳል" ብሎኝ ነበር።

እማሆይ ከሥር ሆነው "ክታብ ነው?" አሉኝ።

"ክታብስ አይደለም። እማሆይ፣ እዚህ አይቀመጡ።"

"ምነው? ታከለ የሠራው እኮ ነው!" ግንቡን መታ መታ አደረጉት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሦስቱም ተቀደዋል። በአንድ ሌሊት።

ወደ ቄሰ ገበዙ ሮጥኩ፤ የደብሩ ኃላፊ እሳቸው ናቸው። "ይህን ሁሉ ዘመን የቆመ ግንብ ለዓርብ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚወድቀው?" አሉና ሳቁ። የወረቀቱን ቁራጭ ሳሳያቸው ግን ሳቁን ተዉት። "ልጄ፣ ሕዝቡ በአባትሽ አምኖ ነው እዚያ የሚቀመጥ። በወረቀት አላስነሣውም። እሱ ራሱ መጥቶ ይናገር።"

ቤት ስደርስ ቁራጩን አባዬ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩለት። ገለበጠው። ሙጫውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከየት እንደመጣ አልጠየቀኝም።

እራት አልበላም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

"ውሰጂኝ" አለኝ ገና ሳይነጋ። እስከ ዳገቱ ሥር በባጃጅ፣ ከዚያ ከአንድ ገበሬ በተዋስናት በቅሎ።

ግንቡን በመዶሻው እጀታ ቀስ አድርጎ አንኳኳ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ጆሮውን ለጠፈበት። ድንጋዩ በሌላ ድምፅ ነው የመለሰው፤ ለእኔም ተሰማኝ።

"ሆዱ ባዶ ነው" አለ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። የጥንቶቹ የገነቡት በኖራ ነው። ኖራ ጉድጓድ ውስጥ ወራት መክረም አለበት፤ ከከረመ በኋላ ውሃ ቢገባበትም መልሶ ያወጣል። "እኔ ለበዓሉ ላድርስ ብዬ ቸኮልሁ። በሲሚንቶ ለሰንሁት። ከላይ የገባው ዝናብ መውጫ አጣ። ስምንት ክረምት ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ኖረ። ውሃውን ያፈንሁት እኔ ነኝ።"

"በእንጨት ብንደግፈውስ?"

"ከነካሽው ተንዶ ይመጣል።"

አባዬን እንዲህ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ማልቀስ አማረኝ፤ በቅሎዋን ፈታሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አባዬ ትናንት ከመውረዳችን በፊት ራሱ ሄዶ ነግሯቸዋል። ቄሰ ገበዙም ቃላቸውን ጠበቁ፤ የታቦቱን መቆሚያ ከግንቡ ራቅ ብሎ ወዳለው ዋርካ አዛወሩት። ጎረምሶች በግንቡ ፊት እሾህ አጠሩ። አባዬ ግን እሾህ አላሳመነውም። "ፀሐይ ሲጠና አንሥተውት ይገባሉ" ብሎ ቆርቆሮና ቀይ ቀለም አስገዛኝ። እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ።

ይህን ግንብ የጠገንሁት እኔ ታከለ ነኝ። አትጠጉ።

መነጽሩን አድርጎ አነበበው። "እንዲህ አላልሁሽም።"

አላለም። "ያበላሸሁት" ነበር ያለኝ፤ እጄ እንቢ ብሎኝ ነው።

"ከጠገንሁትማ ሰው ለምን ይሸሻል? አጥፊው።"

በጨርቅ አጠፋሁት። "ያበላሸሁት" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ጠማማ ሆኑ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አልወደቀም።

ከበሮው ሲመታ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ዓይኔ ከግንቡ አልተነቀለም። አንዴ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የዋርካው ጥላ ያልበቃው ሕዝብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ፤ አንዳንዷ ነጠላዋን ተከናንባ ታጉረመርማለች። አባዬ ከቆርቆሮው አጠገብ በትሩን ተደግፎ ቆመ። ለማያነብ ሁሉ አንድ በአንድ ሲናገር ዋለ፦ "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ወደዚያ ሂዱ።"

ማታ ስንወርድ አንዱ ጎረምሳ "አያ ታከለ፣ ግንብህ እንኳን አደረሰህ ይልሃል!" አለና ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። አባዬ ቀና አላለም።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን፣ "ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እንዳይወድቅ ስጸልይ ኖርሁ" አለኝ። "ዛሬ ሰው ሳይኖር እንዲወድቅ ሚካኤልን ለመንሁት።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዓሉ አለፈ፣ እሾሁን ማን ይጠብቀዋል? እማሆይስ?

ብቻዬን ወጣሁ። የፈራሁት ደርሶ ጠበቀኝ፤ እሾሁን አንዱ ለማገዶ ወስዶታል። ስንጥቁ አሁን ክንዴን ያስገባል። የእማሆይ ቦታ ባዶ ነው፤ አጎዛቸውም የለም። ጮክ ብዬ ተጣራሁ። የራሴ ድምፅ ተመልሶ መጣ።

"ምን ያስጮህሻል?" አሉ ከኋላዬ።

ከቆርቆሮው ወዲህ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አጎዛቸውን አንጥፈው ቁጭ ብለዋል። ፊደል አያውቁም።

"እማሆይ፣ ምን ይላል ብለው ነው?"

"ታከለ አትጠጉ ብሏል አሉኝ። እኔ በፊትስ እዚያ የተቀመጥሁ ግንቡን አምኜ ነው? እሱን አምኜ ነው እንጂ።"

ቤት ገብቼ ቃል በቃል ነገርኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"ወድቋል?" አለኝ በመጨረሻ።

"ገና ነው።"

"እሳቸው ፀሐይ ላይ ናቸው?"

"አዎ።"

በትሩን ፈልጎ ተነሣ። "አራት እንጨትና አንድ ሸራ ፈልጊልኝ። ከግንቡ አርቄ ጥላ እሠራላቸዋለሁ።"