ከዘር ድንቹ ክፍል የመጣ ፉጨት

የትርንጎ አባት፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የድንች ገዢ ላነጋግር ብለህ በጠዋት ሐሙሲት ወርደህ፣ በመኪና አደጋ ሞተህ ሬሳህ ከመጣብኝ ወዲህ፣ ጉና ተራራ ላይ ደመና በተቋጠረ ቁጥር ጋቢህን ይዘህ እንደሆነ ለማየት ዛሬም ወደ መስቀያው እዞራለሁ። መስቀያው ባዶ ነው።

ቤቱ ደህና ነው፤ እኔ ግን እንጃ። እናትህ እኛ ዘንድ ገብተዋል። ልብስህን ለነዳያን ሰጡ፣ ፎቶህን ሳጥን ውስጥ ከተቱ፣ ስምህም ልጅቷ ፊት እንዳይነሳ ከለከሉ። የልጅ ሆድ እንዳይባባ ነው። ጎረቤቱም እኔም እሺ አልን። ትርንጎ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። አባትሽ ሩቅ አገር ሄዷል ተባለች፤ ቆይታ መጠየቁንም ተወችው።

ደግሞ ጀመራት እያልክ የምትስቅበትን የባዮሎጂ ትምህርቴን አልረሳኸውም መቼም። ሰው ካደገ በኋላም አንጎሉ ውስጥ ግንደ ሕዋስ የሚባል አለ፤ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ አዲስ የነርቭ ሕዋስ ሊሆን ይሄዳል፣ ሌላው ለነገ ይቀራል ስልህ፣ ዘሩን የማይበላ ገበሬ ነዋ አልከኝ። ምሳሌህን ሰርቄ እስከ ዛሬ አስተምርበታለሁ። አይጥ ላይ በደንብ ታይቷል፤ በጎልማሳ ሰው ግን ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩ ነው።

ያልነገርኩህ ነገር ነበር። በሕፃን ራስ ውስጥ አዲሶቹ ሕዋሳት በብዛት ስለሚወለዱ የቀደመውን ትዝታ ሳያጠፉት አይቀሩም ይባላል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ይህ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ትርንጎን ሹሩባ ስሠራት፣ በዚያች ትንሽ ራስ ውስጥ፣ ከጣቴ ሥር፣ አንተን አይተው የማያውቁ ሕዋሳት እየተወለዱ ቦታህን ሲይዙ ይታየኛል። የወለድኳትን ልጅ ፈራኋት። አንድ ቀን ተደብቄ ፎቶህን ባሳያት ማነው አለችኝ። እኔስ ብትል! አንተ ድንች ስትመርጥ የምታፏጫትን ያቺን ዜማ ልይዛት ብሞክር፣ ከንፈሬ ላይ ምንም የለም። ጠፍታብኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ እናትህ ደጅ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ከዘር ድንቹ ክፍል ፉጨት ሰማሁ። ያንተው ነው። መጨረሻዋ ላይ እንደምትሰብራት እንኳ ሳይቀር። ዘንቢሌ ከእጄ ወደቀ። በሩን ስገፋው፣ ወንድምህ ያስቀመጠው ዘር ድንች ጨለማ ውስጥ ነጫጭ ቡቃያውን ወደ በሩ ስንጥቅ ዘርግቷል፤ መካከሉ ላይ ትርንጎ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

እናትህ ከደጅ ሆነው ሴት ልጅ አታፏጭም፣ ሰይጣን ትጠሪያለሽ ብለው ተቆጡ። ወዲያው ዜማዋን ለይተዋት መሰለኝ፣ እንዝርታቸው ቆመ።

ማን አስተማረሽ አልኳት። ዞር ብላ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ስትተኚ ታፏጫለሽ አለችኝ።

ነቅቼ የጠፋችብኝ፣ ተኝቼ ትወጣለች ማለት ነው። በአፌ የሚያፏጨው ማነው? አንተ ከሞትክ በኋላ የተወለዱት ሕዋሳቴ ይሆኑ? እነሱ እኮ አያውቁህም፤ ማን ነገራቸው?

አንድ የማውቀው አለ። አዲስ የተወለደ ሕዋስ ሥራ ካላገኘ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ የሚያቆየው አዲስ ነገር መማር ነው። እኛ ስምህን ስንደብቅ የትርንጎን ሕዋሳት ሥራ አስፈታናቸው። ይህንን ለእናትህ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ያን ዕለት ራሳቸው ሳጥኑን ከፍተው ፎቶህን አወጡና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። አባትሽ ነው፣ ሞቷል፣ አይመለስም አሏት። ትርንጎ አለቀሰች። እኛም እንደ አዲስ አለቀስንህ።

አሁን በየቀኑ ስላንተ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ። በዚያች ራስ ውስጥ ነገ የሚወለዱት ሕዋሳት ስምህን እየሰሙ ይወለዳሉ። ስለኔ አትስጋ። ነቅቼ ብረሳህ እንኳ ተኝቼ አስታውስሃለሁ፤ ልጅህም አጠገቤ ሆና ታዳምጣለች።