የኢምሊ ቶላ የሦስት ቀን ቧንቧ

ለክቡር ሽሪ ብሪጅኪሾር ሲንሃ
የከተማችን የጤናና ጽዳት ኮሚሽነር
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ኮሚሽነር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ይህ በከተማችን ጋዜጣ የሚወጣ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ጉበትዎ ደህና ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጉበትን ለይቼ ማንሳቴ ለክፋት አይደለም፤ እኔ በምውልበት ሰፈር ለሰው ጤና ስንመኝ ከጉበት መጀመር ስለለመድን ነው።

ስሜ ኩሙድ ጃ ይባላል። ሙያዬ የከተማ ጤና ምርምር ነው። ይኸውም ሰው በመንደሩ ሳለ ያልያዘው በሽታ ከተማ ሲገባ ለምን እንደሚይዘው ማጥናት፣ ያጠኑትን ለመሥሪያ ቤትዎ ማቅረብ፣ ካቀረቡም በኋላ የክብር ሻል ትከሻ ላይ ተደርቦ ወደ ቤት መመለስ ማለት ነው። ከእርስዎና ከእርስዎ በፊት ከነበሩት ኮሚሽነሮች እጅ የተቀበልኳቸው ሻሎች ዛሬ አንድ ሣጥን ሞልተዋል። በእኛ ከተማ ሙቀት ሻል የሚለብስ ስለሌለ ብል እየበላቸው ነው፤ ቢሆንም ለክብሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ስለ ኢምሊ ቶላ ደጋግመው ስለሰሙ ነገሩን አላረዝመውም። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከትልቁ የሁመር ዛፍ ሥር ያለው ሰፈር ነው። የመጠጥ ውሃ ቧንቧው የተዘረጋው በክፍት የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ሲሆን ከመገጣጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ውሃ ሲለቀቅ በስንጥቁ ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፤ ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ በዚያው ስንጥቅ ከቦዩ ወደ ውስጥ ይስባል። በማግሥቱ ጠዋት ሰፈርተኛው ተሰልፎ ይህንኑ ቀድቶ ይጠጣል። የሃያ ዓመት ምርምሬ ጭብጥ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ቅሬታዎቼን ግን ለአቀራረብ እንዲመች በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይወድ አውቃለሁና።

አንደኛ፦ መሥሪያ ቤትዎ ኢምሊ ቶላ በከተማው ካርታ ላይ እንደሌለች፣ በሌለች ሰፈር ውስጥም በሽታ ሊኖር እንደማይችል በትሕትና ገልጾልኛል። በሌለችው ሰፈር የታመሙት ሰዎች ግን ሆስፒታል ሲሄዱ አድራሻ ስለሚጠየቁ፣ የሚመዘገቡት በአቅራቢያቸው ባለው በጣቢያ መንገድ ስም ነው። በዚህም የተነሳ አንድ ባንክና ሁለት የጣፋጭ ሱቆች ብቻ ያሉበት ጣቢያ መንገድ ከከተማው ሁሉ በተቅማጥ የተጎዳ ጎዳና ለመሆን በቅቷል። እርስዎም በደረሰዎት መረጃ መሠረት አፋጣኝ እርምጃ ወስደው «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ በባንኩ በር ላይ አስተክለዋል። የባንኩ ዘበኛ ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁን እንደሚታጠብ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

ሁለተኛ፦ ይህ ስለ ራሴ ሙያ ነው። ኢምሊ ቶላ በታመመች ቁጥር እኔ ጽፌያለሁ፤ በጻፍኩ ቁጥርም አድጌያለሁ። በአንዱ ወረርሽኝ ረዳት ፕሮፌሰር፣ በሚቀጥለው ወረርሽኝ ፕሮፌሰር ሆንኩ። ከሁመሩ ዛፍ ሥር ሻይ የሚሸጡት ራምራቲ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ቻቺ እያለ እንደ አክስት የሚያከብራቸው ሴት፣ ስለ ሹመቴ ሲሰሙ፣ ሰፈሩ እኔን በሚጠራበት «ዲዲ»፣ ማለትም እህቴ፣ በሚለው ስም እንዲህ አሉኝ፦ «እንኳን ደስ ያለሽ ዲዲ። በእኛ ሆድ ቁርጠት እዚህ ከደረስሽ፣ ኮሌራ የገባ ቀንማ ሚኒስትር ትሆኛለሽ።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን የሹመት ደብዳቤዬን ከሻሎቹ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ሦስተኛ፦ ባለፈው ዝናብ የራምራቲ የመጀመሪያ ልጅ ሚስት፣ ሱናይና፣ የወፍ በሽታ ያዛት። በዚህ ውሃ የሚመጣው የወፍ በሽታ ሌላውን ሰው ጥቂት ሳምንት አስተኝቶ ይለቀዋል፤ ነፍሰ ጡር ሲያገኝ ግን ብዙ ጊዜ አይምርም። ሱናይና ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ራምራቲ የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄደው ከሥራሥር የሚጎነጎን ሐብል አምጥተው በአንገቷ አጠለቁላት። ሐብሉ በየቀኑ እየላላ ሲረዝም በሽታውም አብሮ ይወርዳል ይባላል። ሐብሉ እምብርቷ ድረስ ወረደ፤ ዓይኗ ግን እንደ እርድ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። እሷንም ልጇንም በአንድ ቀን አጣናቸው። ተቆጥቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ባገኝ ኖሮ እጠቀምበት ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ሐዘናችንን ተካፍሎ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ባለ ሥዕል ወረቀት አድሎናል። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ነበር፤ ሰፈርተኛው ምድጃ አቀጣጥሎበታል፤ አንድ ድስት ውሃ ለማፍላት ግን አልበቃም።

አሁን ደግሞ የራምራቲ ሁለተኛ ልጅ ሚስት ጊሪጃ አርግዛለች። ሰባተኛ ወሯ ነው፤ ዝናቡም ሊገባ ደርሷል። ባለፈው ሰሞን ዓይኗን በጣቷ ገልጣ፣ «ዲዲ፣ እስቲ እይው፣ ነጭ ነው አይደል?» አለችኝ። ነጭ ነበር። አሁን በየጠዋቱ ገና ከሩቁ ስታየኝ ዓይኗን ገልጣ ትጠብቀኛለች። ከሌሎቹ ቅሬታዎቼ ሁሉ አንዱንም ባያነቡ ይህችን ያንብቡልኝ።

አራተኛ፦ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከጣቢያው ባሻገር ያለውን አዳራሽ ሊመርቁ ሲመጡ መንገዳቸው በኢምሊ ቶላ ጠርዝ ያልፍ ነበር። ካርታ ላይ ያልነበረችውን ሰፈር ሠራተኞችዎ በሦስት ቀን ውስጥ ሳይሳሳቱ አገኟት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ ኖራ ተረጨ፤ ኖራ ሲረጭ ትልቅ ሰው እንደሚመጣ በእኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። ቦዩ ተጠረገ። አበባ በየማሰሮው ተደረደረ። ሽታው ወደ መኪናው እንዳይገባ ሲባልም የተሰነጠቀው ቧንቧ ተነቅሎ በአዲስ ቧንቧ ተተካ፤ ከቦዩም ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ባለሥልጣኑ መስተዋታቸውን እንደዘጉ አለፉ። በዚያው ማታ አበባው ተጭኖ ሄደ፤ ቧንቧውም ተፈትቶ ሄደ። አሮጌው ወደ ቦዩ ተመለሰ። ራምራቲ የጽዳት ተቆጣጣሪውን ላላንጂን መንገድ ላይ ይዘው፣ «አበባውን ውሰደው ልጄ፣ አበባ አንጠጣም። ቧንቧውን ግን ተውልን» ቢሏቸው፣ ላላንጂ በእውነት አዝነው፣ «እኔ ምን ላድርግ ቻቺ፣ ቧንቧው የተሰጠኝ ለጉብኝቱ ነው። ጉብኝቱ አለቀ» ብለው መለሱላቸው።

እኔም ተመራማሪ ነኝና ይህን ዝም ብዬ አላለፍኩትም። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተቀዳውን ውሃ መርምሬ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት፤ ከሦስቱ ቀናት በፊትና በኋላ የተቀዳውን ግን እዚህ ልገልጸው አልደፍርም፣ ምናልባት ቁርስ ላይ ሆነው ያነቡት ይሆናልና። በሆቴሉ አዳራሽ በተደረገው ጉባኤ ላይ፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ ተደርድሮ ሳለ፣ በከተማችን ሠርቶ የተገኘ ብቸኛው የጤና እርምጃ የትልቅ ሰው ጉብኝት መሆኑን በማስረጃ አቀረብኩ። ከተሰብሳቢው ሁሉ ይበልጥ የሳቁት እርስዎ ነበሩ። ሻልም ደረቡልኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ለካ ስለ እኔ ሙያ ኖሯል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ቧንቧ አልለምንም፤ ቧንቧ በጀት ይጠይቃል፣ በጀት ኮሚቴ ይጠይቃል፣ ኮሚቴው ደግሞ ምን እንደሚጠይቅ እስካሁን አልወሰነም። የምለምነው ከዝናቡ በፊት አንድ ጊዜ እንዲጎበኙን ብቻ ነው። ከመኪናዎ መውረድ አይጠበቅብዎትም፤ መስተዋትዎንም መክፈት የለብዎትም። ፊትዎን ወደ ሰፈሩ መልሰው ቢያልፉ፣ ከእኔ የሃያ ዓመት ጽሑፍ ይልቅ ለጊሪጃ ይጠቅማታል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሻሎቹ፣ ስለ ሰሌዳውና በእርስዎ ዘመን በሙያዬ ስላገኘሁት ዕድገት ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ከሻሎቹ አንዱን፣ ሐምራዊውን፣ ራምራቲ በተሰነጠቀው ቧንቧ ላይ አጥብቀው እንዳሰሩት የማበስርዎ በታላቅ ኩራት ነው። ከተሰጡኝ ሽልማቶች ሁሉ ሥራ የያዘው እሱ ነው።

ለክብርዎ ዘወትር የምትጸልይ፣ በሌለችው ሰፈር የምትሠራ፣
ፕሮፌሰር ኩሙድ ጃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ለጋዜጣው ሳልሰጥ አንድ ነገር ተፈጸመ። ላላንጂ ራምራቲ ዘንድ ሻይ ሲጠጡ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ «ኮሚሽነሩ አርብ ኢምሊ ቶላን ሊጎበኙ ነው አሉ» አልኳቸው። በሙያ ዘመኔ ማስረጃ የሌለው ነገር ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ላላንጂ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። በማግሥቱ ኖራው ተረጨ፣ አበባው መጣ፣ አዲሱም ቧንቧ ተመልሶ ከቦዩ በላይ ተሰቀለ። ከተማውን የሚገነቡት ግንበኞች የሚያድሩት እኛ ሰፈር ስለሆነ፣ ሠራተኞችዎ ምሳ ሲሄዱ ግንበኞቻችን መገጣጠሚያውን ሁሉ በሲሚንቶ ደፈኑት፤ ደርቋል። አርብ አለፈ፤ እርስዎም አልመጡም፤ አልተቀየምንዎትም። ላላንጂ ግን ሲሚንቶውን ሰብረው ቧንቧውን ይውሰዱት ወይም ይተዉት እንደሆነ የእርስዎን ቃል እየጠበቁ ነው። ይውሰዱት ካሉ፣ ቧንቧው የተሰቀለው ለዓይንዎ እንጂ ለአፋችን እንዳልነበረ ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ይረዳዋል። ቧንቧው የሚሄደው ጉብኝቱ ሲያልቅ ስለሆነ ከላይ ያቀረብኩትን ልመና በአክብሮት ሰርዤ በሌላ እተካዋለሁ። ጊሪጃ በሰላም እስክትገላገል ድረስ፣ ክቡር ሆይ፣ አይምጡብን፤ እንደማይመጡም ለማንም አይንገሩብን።