አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ጠዋት ዝናብ። ጫማዬ ውኃ አስገባ። ቢሮ እንደገባሁ ካልሲዬን ከዴስክቶፑ ጀርባ፣ ሞቃት አየር ከሚወጣበት ቦታ አሰጣሁት። ጋሽ ኮቴ አይተው ሳቁ። "ስንት ሥራ ያውቃል ይሄ ሣጥን!"

አለቃችን ቀጭን ላፕቶፕ ይዛ ገባች። "የቢሮው የኪራይ ውል ሊያልቅ ነው። ይሄ ሥራችንን ከቻለ ሁላችንም ከየቤታችን እንሠራለን። ፕሮሰሰሩ ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ነው። ፈትሺውና ንገሪኝ።"

አየሁት። እውነትም ስሙም ቁጥሩም ያው። መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ትለያለች። አንዲት ፊደል ምን ታመጣለች?

ጋሽ ኮቴ ወደ ማይካቸው ዞሩ። ለልጆች የካርቱን ፊልማችን ዝናቡን፣ በሩን፣ ኮቴውን በገዛ እጅና እግራቸው የሚያሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሁላችን ቀድመው ይገባሉ፣ ከሁላችን ኋላ ይወጣሉ። ቢሮው ቢዘጋ…?

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ሥዕሎቹን አቀናብሮ ፊልም አድርጎ ማውጣቱን በአጭሯ ትዕይንት ሞከርኩ፤ ጉማሬው በር ከፍቶ በሚወጣባት። ሁለቱም ላይ ያው ፋይል፣ ያው ፕሮግራም። እኩል ጨረሱ ማለት ይቻላል! ያ ደብተር የሚያክል ነገር ከዚህ ግዙፍ ሣጥን ጋር? ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ደገምኩት። ያው።

ደስ አለኝ… ከዚያ ጋሽ ኮቴን አየሁና ደስታዬን ዋጥኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ዛሬ ረጅሙን፣ የጎርፉን ትዕይንት። አጀማመራቸው እኩል። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ኮቴ ማዳመጫቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ይቺ ላፕቶፕ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ናት! የፋኗ ጩኸት ማይኬ ውስጥ ገባብኝ እኮ።"

ዞር ብዬ ሳይ ፍጥነቱ መውረድ ጀምሯል። ዴስክቶፑ እንደ ጀመረው ነው። ከምሳ በፊት ጨረሰ። ላፕቶፑ፣ እኛ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ተመልሰን… ገና ነው።

ለምን? ስማቸው አንድ!

ከሰዓት በኋላ ሳነብና ሳገላብጥ ዋልኩ። ለካ ጉዱ ያለው ያቺ ፊደል ላይ ነው። የላፕቶፑ አነስ ያለ ኤሌክትሪክ እንዲበላ የተሠራ ነው፤ ሲግል ደግሞ ራሱን እንዳያቃጥል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዴስክቶፑ ትልቅ ፋን፣ እንደ ልቡ የሚተነፍስበት ሰፊ ሣጥን አለው። ስም አንድ፣ ኑሮ ለየቅል!

እሑድ፣ ሰኔ 9

ላፕቶፑን ቤት ወስጄ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፈተንኩት። እማዬ ዳሰሰችው። "ይሄማ ካውያ ነው! ፊልሙ ካልሆነልሽ ሸሚዝ ተኩሺበት።"

ከሥሩ መጻሕፍት ደግፌ ከፍ ሳደርገው ትንሽ ፈጠነ። ቻርጀሩን ስነቅለው ደግሞ ወገቤን አለ።

ግን ሥዕል ስስልበት፣ ቀለም ስቀባ፣ ድምፅ ስቆርጥ… ምንም አልጎደለበትም። ረጅም ትዕይንት የማወጣው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም አንዳንዴ። ለአለቃዬ ምን ልበላት? የጎርፉን ብቻ ብነግራትስ? ውሸት አይደለም… አይደለም?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ጋሽ ኮቴ ለኮቴ ድምፅ ባሰናዱት የአሸዋ ሣጥን ውስጥ በቦት ጫማ እየረገጡ፣ "ውጤቱስ?" አሉኝ።

"ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ፊትሽ ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?"

"ቢሮው ይዘጋላ።"

እግራቸው ቆመ። "ለእኔ ብለሽ ነው?"

ላፕቶፑን ከፍቼ ዘጋሁ።

"ስሚ ልጄ፣ እኔ የማንም ሸክም አይደለሁም። ያየሽውን ተናገሪ!"

እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። የምገባበት ጠፋኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ተናገርኩ። ሁሉንም። ለሥዕሉም ለድምፁም ላፕቶፕ ይበቃል። ለረጅሙ ግን ዴስክቶፑ የግድ ነው፤ አንድ ቦታ ተተክሎ፣ እኛ ከየቤታችን እየላክንለት።

"ማን ቤት ይተከል?" አለች አለቃችን።

የእኛ ቤት ለእኔና ለእማዬም አልበቃ። ሠዓሊው ባልደረባችን መንታ ሕፃናት አሉት፤ በዚህ ጩኸት ማን ያስተኛቸዋል?

"እኔ ጋ ይሁን" አሉ ጋሽ ኮቴ። "ባዶ ክፍል አለኝ።"

"እርስዎ? የፋን ድምፅ ጠላትዎ አይደል እንዴ?" አልኩ።

የማይካቸውን ገመድ መጠቅለል ጀመሩ። "ድምፅ ስቀርጽ አጠፋዋለሁ።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ… "ሌላውን ሰዓትስ? ቤቱ ጭር ሲል ነው እኔ የምቸገረው።"

አለቃችን ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ቢሮውን ካስረከብን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ኮቴ ቤት ሄድኩ። ዴስክቶፑ የባለቤታቸው የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የስፌት መኪናው ከጎኑ፣ ታጥፎ። መጋረጃው ታጥቧል። ሠዓሊው ትናንት መንታዎቹን ይዞ መጥቶ ነበር አሉ፤ ወለሉ ላይ የተረሳ ጡጦ አለ።

ገና ሳልቀመጥ፣ "መስኮቱን ስከፍትለት የሚፈጥን ይመስለኛል። እውነት ነው ወይስ ጆሮዬ ነው?" አሉኝ።

እኔ ምን አውቄ! ሞከርን። ከፍተን፣ ዘግተን፣ ደግሞ ከፍተን። ልዩነቱ ኢምንት ነው። "ኢምንትም ቢሆን አለ!" አሉ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ሻዩ ቀዘቀዘ።

ትዕይንቱ አለቀ። ፋኑ ቀስ እያለ ወረደና ጸጥ አለ። ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጋሽ ኮቴ ኩባያቸውን እንደያዙ ወደ ሣጥኑ ዞሩ።

"ሌላ ትዕይንት የለሽም?"

"አለኝ" አልኩ። ላፕቶፔን መልሼ አወጣሁና ቅዳሜ ያለቀውን ትዕይንት እንደ አዲስ ላክሁለት።

ፋኑ ተነሣ። ጋሽ ኮቴም ተቀመጡ።