«አፉ በሉኝ» እያለ ሲሰናበተን

ለእናቴ፣ ቢስቲማ

እማ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? በልጉ ጣለላችሁ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ሆነብኝ። አብሽሪ፣ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ወንድሜ ኡዘይርም አጠገቤ ተኝቷል። በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ ድምፁን ከፍተሽ ለጎረቤት ሁሉ ስለምታሰሚ ነው! እህቴ ሚንሃ ብቻችሁን ሆናችሁ ታንብብልሽ።

ባለፈው ኡዘይር ደውሎ «እማ፣ አፉ በይኝ» ሲልሽ፣ «እሰይ፣ ልጄ ዲን ገባው» ብለሽ ደስ ብሎሽ ነግረሽኝ የለ? እኔንም ሱቅ ድረስ መጥቶ «አፉ በይኝ» አለኝ። የኔ ምላስ መች ያርፋል፣ «አፉ ብያለሁ፣ ሼህ ኡዘይር!» ብዬ ሳቅኩበት። ረመዳን ስላለፈ ተጸጽቶ ተውበት አደረገ ብለን ነዋ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የሚሠራበት የብየዳ ቤት ባለቤት ኦቦ ዲሪባ ሱቅ መጡ። «ሬሐና፣ ይሄ ልጅ ምን ሆኗል? ‹አፉ፣ አፉ› ይለኛል፤ ጥርሱን አሞት ይሆን? የብየዳ መነጽሩንም ለጓደኛው ሰጠ» አሉኝ። ሳቄ መጣ። «አይ ኦቦ፣ በኛ አገር ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ሰው ሐጅ ሲሄድ፣ ወይም ሊሞት ሲል…» ብዬ ስጀምር የምለውን ራሴ ሰማሁት። ያ አላህ! ኡዘይር ሐጅ አይሄድ፣ መንገድ የለው፤ ታዲያ የት ሊሄድ ነው የተሰናበተን?

ሱቁን ክፍት ጥዬ ሮጥኩ። ቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ አገኘሁት። በግልጽ፣ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» አልኩት። «አዎ፣ ደክሞኛል፤ ለእናንተም ሸክም ሆኛለሁ» አለኝና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ለፍላፊዋ ልጅሽ አቅፌው ተቀመጥኩ። ኧረ እማ፣ አብሮን እየበላ፣ አብሮን እየሳቀ! ድንጋጤው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ተከትለውኝ የመጡት ኦቦ ዲሪባ ራሳቸው በመኪናቸው ሆስፒታል ወሰዱን። ሐኪሟ በግልጽ መጠየቄ ደግ ነው፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፣ እንዲያውም ይቀለዋል አለች። ሕመም ነው፣ ይታከማል፤ እስኪረጋጋ ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳው የሚችለውንም ነገር አርቁ አለችን። መድኃኒት ጀምሯል፤ እየተመላለሰም ያነጋግሩታል። ለምን እንደመጣበት እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም። ስለዚህ ስትደውዪለት «ኢማንህ የት ሄደ? አላህን አትፈራም?» እንዳትዪው አደራ። ዱዓ አድርጊለት፤ እሱን ግን እንዴት አደርክ፣ በላህ ወይ ብለሽ የሚልሽን ስሚው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አክስቴ ራህመትን ሰላም በያት፤ ሚንሃንም አንገቷን ሳሚልኝ።

ኡዘይር አሁን ነቃ። ለእማ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። ተነስቶ ተቀመጠ። ያንኑ «አፉ በይኝ» ሊደግመው ነው ብዬ ፈራሁ።

«ለአረፋ እመጣለሁ በያት» አለኝ።

ልጅሽ ሬሐና
ቡራዩ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.